የአምቡላንሱ ጥሪ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጠላቴ ግን አልጋ ላይ ነው።

አትደንግጥ፣ ልንገርህ። የሠራሁትን መቀበያ ታውቀዋለህ፤ ፈጣኑ የካሜራ ምስልና ቀርፋፋው የአምቡላንስ ጥሪ በአንድ ሞገድ ተደራርበው ሲመጡ ለያይቶ የሚያወጣውን። አለቃዬ ስሜን ፍቆ የራሱን ለጠፈበት። ይባስ ብሎ ምስሉ እንዲጠራለት ደካማውን ጥሪ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሰረዘው። ለእንግዶች ሲያሳይ ምስሉ እንደ መስተዋት ጠራ፤ አምቡላንሱ ግን ዝም አለ።

«ጥሪው የታለ?» አልኩት በሰው ፊት።

«አንቺ ምን አገባሽ? አፍሽን ዝጊ!»

«የሰረቅከውን እንኳ በወጉ አታውቅበትም!»

ባለ በሌለ ጉልበቱ ግራ ፊቴን በጥፊ አጮለኝ። እኔም የአንቴናውን ብረት ነቅዬ አፍንጫው ላይ አሳረፍኩበት። ደሙ የእንግዶቹ ሸሚዝ ላይ ተረጨ። ጥበቃዎቹ እየጎተቱኝ፣ እኔም እየተራገጥኩ ወጣሁ።

ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። «ይቅርታ ጠይቂና ይለፍሽ» ብለውኛል፤ ሞቼ ነው! ጥሪውንም ስሜንም መልሱ እላቸዋለሁ። የኮሚቴው ጠያቂዎች በቀኜ በኩል እንዲቀመጡልኝ ብቻ ነው የለመንኩት። ከጥፊው በፊት ጥሪዎቹን በጆሮ ማዳመጫ ነበር የምለያቸው፤ አሁን ከስክሪን ላይ ማንበብ እየለመድኩ ነው፣ ደግሞም ይፈጥናል። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትልብኝ። አንተም ለጊዜው አትደውልልኝ፤ ጻፍልኝ።

በደህና ቀን ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እጇን ያልሰጠችው እህትህ