ውሃውን ወደ ረግረጉ የመለሱት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከከተማችን ወንዝ ማዶ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ጋራዥ ተቀጠሩ፤ በሃያ ሁለት ዓመታቸውም የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ሆኑ። እጃቸው ከመርቀቁ የተነሳ በማሽን እንቁላል ያነሳሉ ይባልላቸው ነበር። እርሳቸው ግን፣ "አንዴ ሞክሬ ሰብሬዋለሁ" እያሉ ያስቁን ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ከከተማው በላይ ያለውን ሰፊ ረግረግ ለእርሻ የሚያደርቀውን ቦይ እንዲቆፍሩ ታዘዙ። የቦዩን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በሰባት ወር ጨርሰው ተሸለሙ፤ ባልደረቦቻቸውም "ቦዩ" የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። በዚያው ዓመት ከአዋላጅ ነርሷ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ረግረጉ ሲደርቅ መጀመሪያ ያልተደሰተ አልነበረም። ውሎ አድሮ ግን የታችኛው ሰፈር ጉድጓዶች ነጠፉ። የደረቀው ጥቁር አፈር እሳት ይዞት ውስጥ ለውስጥ ሁለት ወር ጨሰ፤ እናታችን የሚሠሩበት ጤና ጣቢያም በሚያስሉ ሕፃናት ተጨናነቀ። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናታችን፣ "ይሄ ሁሉ እኮ ያንተ ቦይ ነው" አሏቸው። አባታችን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ታዝዤ ነው አላሉም። "አዎ፣ የኔ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡ። አንዲት የውሃ ባለሙያ፣ እንዲህ ያለ ረግረግ በሺህ ዓመታት ያመቀውን ካርቦን ሲደርቅ ወደ አየር እንደሚለቀውና ሙቀቱን እንደሚያባብሰው፣ ውሃው ከተመለሰለት ግን መልሶ እንደሚያምቀው አስረዷቸው። አባታችን ክው ብለው፣ "ታዲያ እኔ ምድሩን ብቻ ሳይሆን ሰማዩንም ነዋ የቆፈርኩት!" አሉ።

ስድስት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ተመላለሱ። አንድ ወጣት ኃላፊ፣ "ጋሼ፣ ያደረቅነውን መልሰን ስናረጥብ ሰው አይስቅብንም?" ቢላቸው፣ "በኔ ይሳቅ፤ የቆፈርኩት እኔ ነኝ" አሉት። ፈቃዱ በ1994 ዓ.ም. ወጣ። በእረፍት ቀናቸው፣ መሥሪያ ቤቱ ባዋሳቸው አሮጌ ማሽን፣ ቦዩን በየሁለት መቶ ሜትሩ በአፈር ደፈኑት። አራት ዓመት ፈጀባቸው።

ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ክረምት እናታችንን እጃቸውን ይዘው ወደ ረግረጉ ወጡ። ውሃው ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ተኝቷል። ማንም ያልዘራው ደንገል፣ ሠላሳ ዓመት የት ከርሞ እንደሆነ እንጃ፣ ከጭቃው በቅሏል። ሽመላዎቹ ተመልሰዋል፤ መንገዱን ማን እንደነገራቸው የሚያውቅ የለም። አባታችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እኔ እኮ አፈር ብቻ ነው የደለደልኩት። ይሄን ማን አመጣው?" አሉ። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገብተው ቆሙ።

በ2012 ዓ.ም. ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያላባራ ዝናብ ሲወርድ፣ ረግረጉ ጎርፉን ውጦ አስቀረው። የታችኛው ሰፈር ሰው በየቤቱ በሰላም አደረ። ያ "ሰው አይስቅብንም?" ያለው ኃላፊ በማግስቱ ቤታችን ድረስ መጥቶ የአባታችንን እጅ ይዞ ብዙ ቆየ።

አባታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በቤትና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ዛሬ ከሳጥናቸው ጎን የቆሙት አሥራ ሁለት ኦፕሬተሮች ከሌሎች ከተሞች የመጡ ናቸው። ቦይ መድፈንን ከአባታችን ተምረዋል፤ ነገ ጠዋት ወደየረግረጋቸው ይመለሳሉ።

ምድርንና ውሃን ያስማማ አምላክ የአባታችንን ነፍስ በእረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን።