ዛፍ የሚወጣው ዓሣ

ውድ እትዬ፤

ከሄድሽ ስምንት ወር ሆነ። ልጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስቴም ተነሣሁ። ዛሬ ግን የሚያስቅ ነገር አግኝቻለሁ፤ እሱን ተከልዬ ልግባ።

በእንስሳት ማሳያው ኮሪደር፣ በአንቺ ጉሬዛዎችና በእኔ ገንዳ ላይ የሚሰቀሉ ሁለት ሰሌዳዎች እንድንጽፍ አለቃችን አዝዞን አልነበር? ሁለቱን እንስሳት የሚያነጻጽሩ። ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንቺ፣ ጉሬዛ አውራ ጣት ሳይኖራት የያዘችውን ቅርንጫፍ አትለቅም አልሽ። እኔ፣ ያ ጅራተ መርዙ ጠፍጣፋ ዓሣ ማንንም ሳይነካ አሸዋ ለብሶ ይተኛል አልኩ።

"አንተም እንደሱ ነህ እኮ" አልሽኝ። "ነገር ሲከር አሸዋ ትለብሳለህ።"

ሳቅኩ። ጥርሴ ነው የሳቀው።

በሄድሽ ቀን ልትሰናበቺኝ መጣሽ። ፓምፕ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ፓምፑ ምንም አልሆነም። መፍቻ ጨብጬ፣ ስትጠሪኝ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። እርምጃሽ ሲርቅ ወጣሁና፣ በራሴ እንደ ተናደድኩ፣ ሰሌዳዎቹን ሰቀልኩ። የአንቺን ጽሑፍ ከእኔ ገንዳ በላይ፤ የእኔን ከጉሬዛዎቹ በላይ። አለቃችን በየቀኑ ሳያነባቸው በሥራቸው ያልፋል።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጡረታ የወጡ አናጺ ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ብዙ ቆዩ። ኋላ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ዓሣ ዛፍ የሚወጣው በስንት ሰዓት ነው?"

ቀና ብዬ አነበብኩ። ለካ የጉሬዛሽ ጽሑፍ ነው። እሳቸው በሳቅ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ፓምፑን ጭምር።

"ሰሌዳውን መንቀል ቀላል ነው" አሉኝ። "አንተን ማን ይንቀልህ?"

እትዬ፣ ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅ አንድ ነገር ሳንጽፍ ቀረን። ሁለቱም ይወልዳሉ፤ ዓሣዬም እንቁላል አይጥልም። ትንሿ ጉሬዛሽ ትናንት ወለደች፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ልጅ። የእኔዋም ዓሣ ሆዷ ገፍቷል።

በሄድሽ ቀን የፈራሁት ማልቀሴን እንዳታዪ ነበር። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሰሌዳዎቹን አልነካኋቸውም። አንዱን ዳር አንቺ፣ አንዱን እኔ ይዘን እናወርዳቸዋለን። ቅዳሜ ብትመጪ መናኸሪያው በር ላይ ታገኚኛለሽ፤ ከምሰሶው ኋላ ሳይሆን ከፊቱ።

ዛፍ መውጣት የጀመረው ወንድምሽ