ቁጥሩ እኩል፣ ሸክሙ ግን ሁሉ ጊምቢቹ ላይ፦ ስለ መዝገቦቻችን አከፋፈል

ግንቦት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለመዝገብ ማከማቻዎች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሆሳዕና

ጉዳዩ፦ መዝገቦች እንደገና እንዲከፋፈሉና የእኔ መዝገብ እስከ ግንቦት 15 እንዲወጣልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፣

እኔ ብዙነህ አንጁሎ፣ የሆሳዕና ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊደል የለየሁት ራሴ፣ ከጨርቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ቃሌ ቢሻክር ይታገሱኝ።

1. አምና መዝገብ ቤቱ ሞልቶ መዝገቦቹ ለሦስት ማከማቻ እንዲከፈሉ ታዘዘ። የክፍፍሉ ኃላፊ ጓድ ሳህሉ ከመደርደሪያው ጫፍ ጀምረው ቆጠሩ። የመጀመሪያው ሺህ ሆሳዕና ቀረ፣ ሁለተኛው ዱራሜ ሄደ፣ የመጨረሻው ጊምቢቹ። «እኩልነት ማለት ይሄ ነው!» ሲሉ ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም።

2. ግን የፊተኞቹ ሁለት ሺህ በንጉሡ ጊዜ ያለቁ ጉዳዮች ናቸው፤ ግማሾቹ ባለጉዳዮች ሞተዋል። የኋለኞቹ በሙሉ ገና ያላለቀ የቤት ክርክር ነው። ስለዚህ የዱራሜው ጸሐፊ ኤሊያስ ዝንብ ሲያባርር ይውላል፤ የጊምቢቹዋን ጸሐፊ ወይዘሮ አሰገደችን ግን የሦስት ከተማ ሰው ይጎትታቸዋል።

3. የእኔም መዝገብ እዚያ ነው። ቤቴ ትርፍ ቤት አይደለም ተብሎ የተወሰነልኝ ወረቀት ውስጡ አለ። እስከ ግንቦት 15 ካላቀረብኩ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል ተብያለሁ። ሦስት ጊዜ በእግሬ ጊምቢቹ ሄድኩ። በሦስተኛው ወይዘሮ አሰገደች «ብዙነህ ወንድሜ፣ መቀሱ አንተ ጋ ነው፤ እኔን ለሁለት ቁረጠኝና አንዷ ትፈልግልህ!» አሉኝ። ሳቅሁ፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ አለቀብኝ። ጓድ ሳህሉ ደግሞ «ቁጥሩ መቼ ጎደለ?» ይላሉ። እኔስ ጎደለ አልኩ? የሕፃን ቀሚስም ካፖርትም አንድ አንድ ልብስ ነው፤ ጨርቁ እኩል ነው እንዴ?

4. ስለዚህ ሰው የሚፈልገው መዝገብ ለሦስቱም ይዳረስ፣ ያለቀውም እንደዚሁ። የትኛው የት እንዳለ በሦስቱም በር ላይ ይለጠፍ። የውሳኔ ግልባጭ በሌላ ማከማቻ ይቀመጥ፤ የጊምቢቹ ጣሪያ ቢያፈስ ሁላችንም ቤት አልባ ነን። ጊዜ ይፈልጋል ካሉ ኤሊያስን ለአንድ ሳምንት ጊምቢቹ ይላኩት። ገበያ ላይ አግኝቼው ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል።

ትናንት ቤቱን እንረከባለን የሚሉት ሰዎች መጥተው መስኮቱን ለኩ፤ መጋረጃውንም እኔው እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ! ባለቤቴ ጣቢታ ዕቃ ማሰር ጀምራለች። እሷ ያሰረችውን እኔ ሌሊት እየተነሳሁ እፈታለሁ። ከሁለታችን ማን ይተው? ይህን ብቻ ቀኑ ሳያልፍ ይመልሱልኝ።

እየቸኮልኩም ቢሆን፣ ከሙሉ ሰላምታ ጋር
ብዙነህ አንጁሎ
(ፊርማ)