«ግዴታ» ከመባሉ በፊት

ቮይታ፣

ሾርባው ማሰሮው ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። እኔ ቀድሜህ ወደ ኢሜይል ደንብ አውጪዎቹ ስብሰባ ሄጃለሁ።

ትናንት ሰብሳቢያችን «ኢሜይል ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ቆልፎ መላክ ግዴታ ይሁን የምትሉ፣ እምም በሉ» ስትል፣ ጉሮሮዬ እስኪሻክር እምም አልኩ። እንደምታውቀው እኛ እጅ አናወጣም፤ የሚደመጠው የጎላው ድምፅ ነው። አንተ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠህ ለተቃራኒው እምም አልክ። አዳራሹ ሳቀብን።

ትራም ላይ «ረቂቅ ደንቡ 'ግዴታ' ሳይል 'ይገባል' ያለው እኮ ላለመቆለፍ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ብሎ ነው» አልከኝ።
«ሰነፍ ሁሉ በዚያው ይሾልካል» አልኩህ።
«ጌታው፣ ቫንኩቨር ድረስ ሄደህ የተማርከው በር መዝጋት ነው እንዴ?»


ዛሬ ጠዋት አንተ ተኝተህ ሳለ አክስትህ ያርሚላ ደወለች። ተራራው ላይ ያለው የክሊኒኳ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ የተቆለፈ መልእክት መቀበል አይችልም። ግዴታ ከተባለ ላቦራቶሪው የታካሚዎቿን የደም ውጤት አይልክላትም።

የሰው የደም ውጤት ሳይቆለፍ መጓዙ አሁንም ያንገበግበኛል። ጨርሶ ካልደረሳትስ?

ይህን ለምን አልነገርከኝም? እንድትነግረኝስ መች ፋታ ሰጠሁህ።

ትናንት የእኛ ድምፅ ጎልቶ «ግዴታ ይሁን» የተባለው ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት ጥያቄው እንደገና እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። በየትኛው ወገን እምም እንደምል አላውቅም። ስለ ክሊኒኩ ግን መናገር ያለብህ አንተ ነህ። ማይክሮፎኑ ጋ ወረፋ እይዝልሃለሁ፤ ሰው ቢገፋኝም አልለቅም።

ተነስና ና።

ኦንድራ