አዋሽ የት ይደርሳል?

ጥር 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዛሬም ሙቀት። ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁም። ለምን እፈታለሁ? ለአንድ ዓመት ብቻ ላስተምር ብዬ ነው ከአዲስ አበባ ወደዚህ የባቡር ከተማ የመጣሁት... አራት ወር አለፈ።

ዲሬክተራችን አቶ ነጋ አስጠሩኝ። በየካቲት ኢንስፔክተር ይመጣል። «ሸዋገነት፣ የመተላለፊያውን ግድግዳ ላንቺ ሰጥቼሻለሁ። ሀገራችንን ሣዪበት። መልክዓ ምድሩንም፣ ታሪኩንም።» ኢንስፔክተሩ ከወደዱት አዲስ አበባ መጽሐፍ ዝግጅት ክፍል ሊወስዱኝ ይችላሉ።

አዲስ አበባ! ዲፕሎማዬን ስቀበል ያለምኩት ሥራ!

ጥር 14

ስምንት ክንድ ግድግዳ። ራስ ዳሽንን ሣልኩ። ትንሽ ወደ ቀኝ ዳሎልን። ያ ብርድ ይህ እሳት፣ በአንድ ሀገር።

ከሥር ታሪኩ... አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር። የሐረር ግንብ። ባቡሩ። አምስቱ የጠላት ዘመን። ሁለት ሺህ ዓመት በስድስት መስመር! ማንን ልተው?

ጥር 21

ወንዞቹን ጀመርኩ። ዘበኛችን ጋሽ ዓብዱልአዚዝ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት ሃያ ስምንት ዓመት ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረዋል።

«አቦ መምህርት! አዋሽን ወዴት ነው የምትወስጂው?»

«ወደ ባሕር ነዋ።»

ሳቁ። «ድልድዩ ላይ ስንት ጊዜ ተሻገርኩት። ጅቡቲ ግን አንድ ቀን አላገኘሁትም፣ ወላሂ። በየት በኩል አለፈኝ?»

የምናስተምርበት የመልክዓ ምድር መጽሐፍ ባሕር ይገባል ይላል አልኳቸው።

«እንግዲያው መጽሐፉ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም።»

ተናደድኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጥር 22

ጠዋት በር ላይ የግመል ወተት የምትሸጠውን ሃሊሞን ጠየቅኋት። ወንድሞቿ አዋሽን ተከትለው እስከ መጨረሻው ይወርዳሉ አሉ።

«ሐይቅ አለ። ትልቅ። ጨው። እዛ ይተኛል።»

«ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ? ተኛ አልኩሽ! ግመል ተኝቶ የት ይሄዳል?»

ጋሽ ዓብዱልአዚዝ ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁብኝ።

ጥር 23

ለአቶ ነጋ ነገርኳቸው። መጽሐፉን ገልብጠው ሽፋኑን አሳዩኝ። ያዘጋጁት... ራሳቸው ኢንስፔክተሩ!

«እሳቸው ሲሄዱ ታርሚዋለሽ። የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ልጄ።»

የአንድ ቀን ነገር። እውነታቸውን ይሆን?

የካቲት 5

ልጆቹ ካርታውን ወደ ደብተራቸው መገልበጥ ጀምረዋል። አርባ አዋሽ፣ አርባውም ባሕር ገባ።

ልጆቹ እንደወጡ ብሩሽ አነሳሁ። ወደ ባሕር የሚሄደውን በቢጫ ሸፈንኩት፤ ሐይቅ ሣልኩ። ሰማያዊው ከሥር አሁንም ትንሽ ይታያል። በሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ... ለአንድ ወንዝ?

የካቲት 14

ኢንስፔክተሩ መጡ። ረጅም፣ ትሁት ሰው። ጣታቸውን በአዋሽ ላይ አስኬዱ። ሐይቁ ላይ ቆሙ።

«ይህ ከየት ተገኘ?»

«ከወተት ሻጫችን።»

አቶ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከማን?»

«ከሃሊሞ። ወንድሞቿ ግመል የሚያሰማሩት እዚያ ነው፣ ጌታዬ።»

ቢጫውን ጠጋ ብለው አዩት፤ ከሥሩ ያለውንም ሳያዩት አልቀሩም። «ቀለሙ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ቢሮ ገቡ።

በቃ። ቀለሙ ጥሩ ነው!

የካቲት 15

በባቡር ተመለሱ። አዋሽን ሲሻገሩ በመስኮት አይተውት ይሆን?

መጋቢት 28

ደብዳቤ መጣ። የአዲስ አበባው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንዴ አነበብኩት፣ አጠፍኩት። አለማልቀሴ ገረመኝ።

ከደብዳቤው ጋር አርባ አዲስ መጻሕፍት። ገጽ አሥራ ሰባትን ገለጥኩ። አዋሽ አሁንም ባሕር ይገባል። አቶ ነጋ ከትከሻዬ በላይ አነበቡ። ወጡ... «ተይው» ሊሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የቀለም ብልቃጥና ሁለት ብዕር ይዘው ተመለሱ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ሃያ እሳቸው፣ ሃያ እኔ አረምን።

ጋሽ ዓብዱልአዚዝ ሃሊሞን ግቢ አስገቧት፤ ግድግዳውን አየች። ሐይቋን ሳሳያት አፏን ይዛ ሳቀች። «ይሄ? ይሄ ግመል አያረጥብም! ትልቅ አላልኩሽም?»

አሰፋሁት። ብሩሾቹን የማስቀምጥበት አጣሁና ሻንጣዬን ባዶ አደረግሁት።