ወንዝ ዳር ያልቀረው በርኖስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

በርኖሱን ወንዝ ዳር የረሳችው ታደለች አይደለችም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልተናገርኩም፣ ለአማቴ አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። በርኖሱን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ይኸው ተጻፈ።

ታደለች ዛሬ ባትመጣ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ልጄ ናት፤ ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለጽዮን በዓል ልጇን ናትናኤልን ይዛ መጣች። ናቲ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ስለ ደምሴ ጠየቀችኝ። ደምሴ እዚሁ መሐል ሜዳ፣ ከቤቴ በታች ያለ ሸማኔ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለትንንሽ ልጆች ከበግ ጠጉር በርኖስ እየሠራ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሰዎች ይሸጣል። ዋጋው ያስደነግጣል። ከታደለች የወር ደመወዝ ሲሶውን ይወስዳል።

"ለናቲ ላሠራለት ነው" አለችኝ። "እማዬ፣ ጠጉር የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያዋጣል?"

ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ለደምሴ ጠጉር እየፈተልኩ ነው። የዚያን በርኖስ ክር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሆኖም አያዋጣም አልኳት። ልጅ በዓመት ያድጋል፣ ዓመት ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ቁጭ ሊል ነው አልኳት። ማንኛዋም እናት የምትመክረው ምክር ነው። ለምን እንደመከርኩ ግን እኔ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ውርጭ። ደጅ ያደረው ባልዲ ላዩ ረግቷል። ታደለች ናቲን አዝላ ዘመድ ልትጠይቅ ወጣች።

ከትናንት ጀምሮ በበርኖሱ ላይ ያልኩት፦
ይከብዳል።
አንገት ያሳክካል።
ዝናብ ሲነካው በግ በግ ይሸታል።
አለአግባብ ከታጠበ ያጥራል።

አንዱም ውሸት አይደለም። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመትም እነዚህኑ ነገሮች ለራሴ ብያለሁ።

ያኔ ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ታደለች ስምንት ዓመቷ፣ ጥላሁን ሦስት። አማቴ ክረምቱን ሙሉ የግልገል ጠጉር ፈትለው ለጥላሁን በርኖስ አሠሩለት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ። እስኪያድግ ይለብሰዋል ብለው ነው ያስረዘሙት። የአስተማሪዎቹና የቢሮ ሠራተኞቹ ልጆች ቀይና ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው ሲሮጡ የእኔው በዚያ ውስጥ ሆኖ ትንሽ ሽማግሌ ይመስል ነበር። አፈርኩበት። አንድ ገበያ ቀን ልባሽ ጨርቅ የሚለዋውጥ ነጋዴ ቀይ ጃኬት አሳየኝ። ዚፕ አለው፣ ደረቱ ላይ ዳክዬ አለበት። በርኖሱን ሰጥቼ እሱን ወሰድኩ። ነጋዴው ቶሎ ብሎ ሲያጣጥፈው አይቻለሁ። የቱ እንደሚበልጥ እሱ ያውቅ ነበር።

አማቴ በርኖሱ የት ደረሰ ብለው ጠየቁኝ። በዚያው ሳምንት ከታደለች ጋር ወንዝ ወርደን ልብስ አጥበን ነበር። "ታደለች ወንዝ ዳር ረስታው መጣች" አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ጃኬቱንማ ሰው ሰጠኝ አልኩ። አባቷ በቀበቶ መታት። አልረሳሁም አላለችም። አባባ ሁለተኛ አይለምደኝም አለች።

ወር አልሞላም። እንደ ዛሬ ያለ ውርጭ ነበር። ጥላሁን ጃኬቱን ለብሶ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ኩበት ላመጣ ስወጣ ታደለችን እዪው አልኳት። ናይለን እንደ ጠጉር አይደለም። ይቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ ገላ ላይ ይጣበቃል።

አራት ቀን ቆየ።

ለቅሶው ላይ አማቴ፣ በርኖሱ ቢኖር ልጄ አይነድብኝም ነበር እያሉ አለቀሱ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ታደለችን አየ። እኔም አብሬ አየኋት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ታደለች ደምሴ ዘንድ ስትሄድ ተከተልኳት። ላስቀራት ነው የሄድኩት፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽም።

ደምሴ ለሌላ ሰው የሠራውን በርኖስ ለናቲ አለበሰው። ናቲ አንዴ ዞረ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠና አልነሣም አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ጠርዙን ገልብጬ እንከን መፈለግ ጀመርኩ። ስፌቱ ሻካራ ነው አልኩ። በዚህ ዋጋ ሦስት የቻይና ጃኬት ይገኛል አልኩ።

"እትዬ ወርቄ፣ ድሩም ማጉም የእርስዎ እጅ ነው" አለ ደምሴ። "የገዛ ፈትልዎን ነው እኮ የሚሰድቡት።" ወደ ታደለች ዞር ብሎ፣ "አይግረምሽ፣ ዋጋ ላስቀንስ ብለው ነው። የመንዝ እናት እንዲህ ናት" አላት።

ታደለች አልሳቀችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። "እሳት ይይዘዋል?"

ደምሴ ከቅርጫቱ ትንሽ ጠጉር ነጭቶ ከሰሉ ላይ ጣለ። ጠጉሩ ተኮማተረ፣ ሸተተ፣ ጠፋ። "እሳት ይነካዋል እንጂ አይዘልቅበትም" አላት። እኔ በሩን እያየሁ ነበር።

ቀብድ ሰጠች። ክሩን ራሷ እማዬ ትፍተልልኝ ብላ ቃል አስገባችን፣ እኔንም እሱንም።

ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ኋላ ቆማ ከባሏ ከሲሳይ ጋር በስልክ ስትነጋገር ሰማሁ። ልጁ ጃኬት አለው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ያላት ይመስለኛል። "ለምን እንደሆነ ታውቃለህ" አለችው። ድምፅዋ አልከረረም። ደክሟት ነበር። እሱ ያወቀው እንግዲህ የእኔን ውሸት ነው። ውሸቴ ከቤቴ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ደርሶ ትዳር ውስጥ ገብቷል።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኳቸው። ምን ሆንሽ ልጄ አሉኝ። አፌን ከፈትኩና ስለ ጾሙ ጠየቅኳቸው።

የፈራሁ ይመስለኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ነው። ብነግራቸው ስግደትና ጾም ይሰጡኛል፣ ይፈቱኛል። እኔ ቀሎኝ ቤቴ እገባለሁ። እሷ እንደከበዳት ሚኒባስ ትሳፈራለች።

ከምሳ በኋላ ናቲ ኳሱን ተከትሎ ወደ ምድጃው ሲጠጋ ታደለች ዘላ ክንዱን ያዘችው። በጣም ነው የያዘችው። ልጁ አለቀሰ፣ ክንዱ ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀረ። እሷም ምልክቱን አይታ ተቀመጠች። ከዚያ ነገረችኝ። እኔን እያየች አልነበረም።

"እማዬ፣ ያስቀመጥኩበት ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ጠፍጣፋ ነው፣ ከውሃው ከፍ ይላል። አጥፌ ነው ያስቀመጥኩት። ለምን ዞሬ እንዳላየሁ ብቻ አይገባኝም።"

ድንጋዩ አለ። ልብስ እናሰጣበት ነበር። በርኖሱ ግን አንድም ቀን አላረፈበትም። እኔ አንድ ቃል ተናገርኩ፤ ያጠፈችውን፣ ያስቀመጠችበትን፣ ረስታው የሄደችውን እሷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሠራችው።

ልጅ መውለድን ሠላሳ እስኪያልፈኝ የሸሸሁት ለዚህ ነው አለችኝ። ልጅ የሚታመነኝ አይመስለኝም ነበር አለች። ናቲን በርኖስ ባለብሰው ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል አለች።

"ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው" አልኳት።

ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ስንት ቃል አውቄ፣ ያገኘሁላት እሱን ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

በጠዋት ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆምን። አሥር ጊዜ ልነግራት እችል ነበር። ናቲ በመስኮት እጁን አወዛወዘልኝ፤ ሰማያዊ ጃኬቱን ለብሷል። ታደለች "ክሩን አደራ፣ ቀጭን አድርጊው" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የተማርኩት ከእሷ ነው። ጥላሁን ከሞተ በኋላ ታደለች ጨዋታ ትታ ደብተሯ ላይ ብቻ ትውል ነበር። እኔ ከፊት ለፊቷ ጥጤን እየፈተልኩ ፊደሉን ተገልብጦ አየው ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት ሁሉ ተገልብጦ ነው። ጎበዝ ተማሪ ናት ይሉኝ ነበር አስተማሪዎቿ፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እንደማትጫወት አውቅ ነበር፤ ሆኖም ደስ ይለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ለበርኖሱ መፍተል ጀመርኩ። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ክሩ አንዴም አልተበጠሰም። መልካም ጠጉር ነው።

ታደለች፣ ያዋጣል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ዋሸሁሽ። ያዋጣል። ውርጭ አይዘልቀውም፣ እሳት አይዘልቅበትም፣ ናቲ ሲያድግበት ለሚከተለው ይሆናል። ገንዘብ ካለሽ ግዢው፤ ሲሳይንም በዚህ አስረጂው። ልጁ እንዲሞቀው ከሆነ ግዢ። ስለዚያ ድንጋይ ብለሽ ከሆነ ግን ደምሴ ዘንድ ሄጄ ቀብድሽን እቀበልልሻለሁ። ወንዝ ዳር የረሳሽው ነገር የለም። ጃኬቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እሳቱን ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት ለምን ዝም አልኩ? መጀመሪያ ባሌን ፈራሁ፣ ከዚያ አማቴን። ሁለቱም ሲሞቱ የምፈራው አልቀረም ብዬ ነበር። ቀርቶ ነበር። አንቺን።

ይቅር በይኝ አልልም። ለመጠየቅ ገና ነኝ።

ለደምሴ ፈትሉን ሰንብቼ እጨርሳለሁ ብዬ ነገርኩት፤ ምን ገጠመዎት አለኝ፤ ልጄ ጋ እሄዳለሁ አልኩት። ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ብርሃን እወርዳለሁ። እነዚህን ወረቀቶች የምትቀበለው ታደለች ናት። ከሲሳይ በፊት፣ ከንስሐ አባቴም በፊት፣ በእጇ እሰጣታለሁ። ስታነብ አጠገቧ ልቀመጥ ወይስ ደጅ ልጠብቅ፣ እሱን ገና አላወቅኩም።