ከዲጃና የኬረላው ፊልም

እሑድ

ፊልሙን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ጎትታ የወሰደችኝ ሊሲ ናት፤ እዚህ ሰው አገር፣ ግሬፕቫይን ከተማ ሆቴል ውስጥ አብራኝ ክፍል የምታጸዳ፣ ከደቡብ ህንድ ከኬረላ የመጣች ሴት። ኧርቪንግ ከተማ ያለ ሲኒማ ቤት በቋንቋቸው፣ በማላያላም፣ ያሳያሉ። የህንድ ፊልም ሲባል እኔ ከደሴ ቪዲዮ ቤት የማውቀው ዝናብና ጭፈራ ነው። በዚህኛው ፊልም ዝናቡ አለ፣ የሚጨፍር የለም። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ፖለቲካ የሚያወራ ሰው። አገሬ መሰለኝ። አንድ ሰውዬ ከስንት ዓመት በኋላ ከዓረብ አገር ቤቱ ይገባል። ዘመድ ተሰብስቦ ሻንጣውን ይከፍታል። ሽቶው ለእገሌ፣ ጨርቁ ለእገሊት። እሱ ጥግ ቆሞ ይስላል። እንዴት ነህ ያለው የለም። አዳራሹ በሙሉ ያለቅስ ነበር። እኔ ደነገጥኩ እንጂ አላለቀስኩም።

ሰኞ

አንሶላ ስናጥፍ ሊሲን ጠየቅኳት። እኛ ዘንድ ዓረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት የለም፣ ፊልማችንም የሚያሳየው ራሳችንን ነው አለች። አባቷም እንደ ፊልሙ ሰውዬ ነበሩ። አዘንኩላቸው። «ሶ፣ ከእናንተ ቤትስ?» ስትለኝ ማንም አልሄደም አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ታናሽ እህቴ ከዲጃ ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ሻንጣዋን ከእጇ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ልረዳት አልነበረም። የማስታውሰው፦ ለእማ ሻርፕ፣ ለእኔ ሰዓት፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ፊቷን አላስታውስም። ክረምት ከበጋ እጅጌዋን አትሰበስብም ነበር፣ ልብስ ስታጥብ እንኳ። ዲኗን አጠበቀች ብለን ደስ አለን። ደንቆሮዎች! ቅዳሜ ደግሞ ተመልሳ ልትሄድ ነው። ቪዛው መጣ ስትለኝ እሰይ ያልኩትም እኔው ነኝ።

ረቡዕ

ሦስቴ ወደ ቤት ደወልኩ። ሦስቴም እማ አነሳች። ከዲጃ ዕቃ ልትገዛ ወጥታለች አለችኝ። ወገቤን አሞኛል። ለሊሲም እውነቱን አልነገርኳትም።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ራሷ አነሳች። መግቢያ ጠፋኝ። ክንድሽ ምን ሆኖ ነበር አልኳት በቀጥታ።  «እታለም፣ እማ አጠገቤ ናት፣ ቆይ ደጅ ልውጣ» አለች። ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አላለቀሰችም። «ያኔ ብትጠይቁኝ ይወጣልኝ ነበር» አለች። ይቅር በይኝ አልኳት። ወላሂ አትሂጂ አልኳት።  ልትዘጋው ስትል «ነገም ደውይልኝ» አለች። አልሄድም ማለቷ ይሁን ልትሰናበተኝ፣ አላወቅሁም።